ስለ ፈዝ ፔዳል ታሪክና ስለ ጀማሪ ሠሪዎቹ

ፈዝ ፔዳል የሚባለው ዕቃ በኤሌክትሪክ ጊታርና በአምፕሊፋየሩ መካከል በሽቦ ተያይዞ ወለል ላይ የሚቀመጥ አነስተኛ የብረት ሣጥን ነው። ጊታር ተጫዋቹ በእግሩ ሲረግጠው፣ ጥርት ብሎ ይወጣ የነበረው ድምፅ ይሻክራል፣ ይወፍራል፣ ረዘም ብሎም ይቆያል፤ ደግሞ ሲረግጠው ወደ ቀድሞው ጠባዩ ይመለሳል። የዚህ ዕቃ ታሪክ ሲተረክ ዘወትር የሚነሡት ወገኖች ሦስት ናቸው፤ እነዚህም የፈለሰፈው መሐንዲስ፣ የሸጠው ኩባንያና ስም ያወጣለት ሙዚቀኛ ናቸው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ላመለክት የምፈልገው ግን አራተኛ ወገን መኖሩን ነው። እርሱም ኪት በሚባለው መንገድ፣ ማለት ክፍሎቹ ሁሉ ተለቅመው ከመገጣጠሚያ መመሪያ ጋር በአንድ ጥቅል ተሽጠውለት፣ ሣጥኑን በገዛ እጁ የሚሠራው ጀማሪ ነው። የዚህ ዕቃ ዋና ጥበብ በሥዕሉ ላይ ከቶ አልተጻፈም ነበር። ፋብሪካዎቹ የተዉትን ይህን ጥበብ ይዘው ያቈዩትና በጽሑፍ ያኖሩት፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ በአብዛኛው በገዛ ጠረጴዛቸው ላይ ሥራው እምቢ ያላቸው ሰዎች ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ወደዚህ ጥናት የመራኝ አንድ አልሠራ ያለ ሣጥን መሆኑን አስቀድሜ መናገር ይገባኛል። ከጥቂት ወራት በፊት ከውጭ አገር የመጣ አንድ የፈዝ ኪት እጄ ገባ። ከዚያ በፊት የኤሌክትሪክ መበየጃ ጨብጬ አላውቅም ነበር። ሁለት ማታ ሙሉ መመሪያውን ቃል በቃል እየተከተልሁ ገጣጠምሁት፤ በመጨረሻ ባትሪውን አስገብቼ ብረግጠው ምንም ድምፅ የለም። ይህ የመጀመሪያው ጥፋት የራሴ ነበር። ከሽቦዎቹ አንዱን ስበይድ ሽቦውን ሳላሞቅ የቀለጠውን ቆርቆሮ ብቻ ከላይ አንጠባጥቤበት ኖሮ፣ ለዓይን የተያያዘ ይመስላል እንጂ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም ነበር። እርሱን ባስተካክል ድምፁ መጣ፤ እኔም ጨረስሁ ብዬ ተኛሁ። በማግስቱ ከቀትር በኋላ፣ ፀሐይ ክፍሉን ካሞቀችው በኋላ፣ ለጓደኞቼ ላሰማ ብሞክር ሣጥኑ እየተቈራረጠ ይንተፋተፍ ጀመር። ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ደኅና ሆነ። መመሪያውን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ባነበው የሳትሁት ነገር አልነበረም። ቀን ታሞ ማታ የሚድን ዕቃ ምን ዓይነት ዕቃ ነው? መልሱን ያገኘሁት የኋላ ታሪኩን በመከተል ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከብልሽት ነው። በ1951 ዓ.ም. በአሜሪካ በሜምፊስ ከተማ፣ በሳም ፊሊፕስ ስቱዲዮ «ሮኬት 88» የተባለው ዘፈን ሲቀዳ፣ የጊታር ተጫዋቹ የዊሊ ኪዛርት አምፕሊፋየር በመንገድ ላይ ተጐድቶ ደረሰ። የተቀደደውን ስፒከር ወረቀት ጠቅጥቀውበት ቀዱት፤ የወጣውም ሻካራ ድምፅ በዘፈኑ ውስጥ ቀረ። ሊንክ ሬይ በ1958 ዓ.ም. ለታወቀው «ራምብል» ለተባለው ሥራው የአምፕሊፋየሩን ስፒከር ሆን ብሎ በሳው። የእንግሊዙ የኪንክስ ቡድን ጊታር ተጫዋች ዴቭ ዴቪስ በ1964 ዓ.ም. የስፒከሩን ወረቀት በምላጭ ተለተለው። እነዚህ ሰዎች ያደረጉት ሁሉ ዕቃ ማበላሸት ነው፤ ችግሩም የተበላሸ ዕቃ ለሚቀጥለው ዘፈን ጥርት ያለ ድምፅ ሊሰጥ አለመቻሉ ነው።

ሻካራው ድምፅ ለምን ለጆሮ እንደሚጥም ባጭሩ ላመልክት። ጊታሩ የሚልከው የኤሌክትሪክ ማዕበል አናቱና ግርጌው ክብ ነው። ይህ ማዕበል ከሚችለው በላይ እንዲያጐላ በተገደደ መሣሪያ ውስጥ ሲያልፍ አናቱ ተቈርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ከመቈረጡም የተነሣ በመጀመሪያው ድምፅ ላይ ሌሎች ቀጫጭን ድምፆች ይጨመሩበታል። የእኛ አገር ሰው ይህን ነገር ከበገና ያውቀዋል። በገና ደርዳሪው በእያንዳንዱ ጅማትና በመወጠሪያው ድልድይ መካከል እንዝራ የተባለችውን ቁራጭ ቈዳ የሚያስገባው ድምፁ ነዝሮ እንዲወጣ ነው፤ እንዝራዋም ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ካለች ድምፁ ስለሚጠፋ አንድ ባንድ እያዳመጠ ያስተካክላታል። ሁለቱ ዕቃዎች አንዱ ካንዱ አልተወለዱም። ዳሩ ግን በጆሮ እያዳመጡ የማስተካከሉን ነገር አንባቢ ወደ ኋላ እንዲያስታውስልኝ እፈልጋለሁ።

ብልሽቱን በሣጥን ውስጥ ለማስገባት ምክንያት የሆነው በናሽቪል ከተማ የደረሰው ነገር ነው። ዘፋኙ ማርቲ ሮቢንስ በ1961 ዓ.ም. የወጣውን «ዶንት ዎሪ» የተባለውን ዘፈኑን በሚቀዳበት ጊዜ፣ ግሬዲ ማርቲን ባለ ስድስት ክሩን ቤዝ የሚጫወትበት የመቅጃ መስመር ትራንስፎርመሩ ተበላሽቶ ኖሮ ድምፁ እየተንጠረጠረ ወጣ። አሻሽለው ሊቀዱት ሲችሉ እንዳለ ተዉት፤ ዘፈኑም በአገረሰብ ሙዚቃ ተራ አንደኛ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሙዚቀኞች ያንኑ ድምፅ እየፈለጉ ወደ ስቱዲዮው ቢመጡም የተበላሸው ክፍል ጨርሶ ሞቶ ነበርና መሐንዲሱ ግሌን ስኖዲ ከሬቪስ ሆብስ ጋር ሆኖ ብልሽቱን በትራንዚስተር መልሶ ሠራው። የጊብሰን ኩባንያ ገዝቶት በ1962 ዓ.ም. «ማይስትሮ ፈዝ ቶን» በሚል ስም ለገበያ አቀረበው። በውስጡ 3 የጀርማንየም ትራንዚስተሮች ሲኖሩት የሚሠራውም በ2 ትናንሽ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋዮች ነበር።

ኩባንያው ዕቃውን የሸጠው ጊታርን እንደ መለከትና እንደ ሌሎች የትንፋሽ መሣሪያዎች ያሰማል ብሎ ነው። ገዢው ግን ጊታሩ መለከት እንዲሆንለት አልፈለገም፤ ሣጥኑም ዓመታት ከመደብር ሳይነሣ ቈየ። በ1965 ዓ.ም. የሮሊንግ ስቶንስ ጊታር ተጫዋች ኪዝ ሪቻርድስ «ሳቲስፋክሽን» ለተባለው ዘፈን ሲጠቀምበት እርሱም ያሰበው መለከቶች ኋላ ገብተው የሚነፉትን ዜማ ለማመልከት ብቻ ነበር። መለከቶቹ ሳይገቡ ዘፈኑ ወጣ፤ ተከማችቶ የነበረውም ፈዝ ቶን በዚያው ዓመት ተሸጦ አለቀ።

ይህ እስከ አሁን የጠቀስሁት የታወቀው ታሪክ ነው። ከጐኑ ደግሞ ሌላ ታሪክ ይሄዳል፤ እርሱም ክፍሎቹ እንዴት ከተራው ሰው እጅ እንደ ገቡ የሚያስረዳ ነው። ትራንዚስተር በታኅሣሥ 1947 ዓ.ም. በቤል ላቦራቶሪ ተፈለሰፈ። ተራው ሰው ሊገዛው የቻለው ግን ሬይቴዮን የተባለው ኩባንያ በ1953 ዓ.ም. «ሲኬ 722» የተባለውን ዓይነት ካወጣ በኋላ ነው። ይህ ትራንዚስተር ለብቻው የተሠራ አይደለም፤ ኩባንያው መስማት ለተሳናቸው ሰዎች መሣሪያ ከሚያመርታቸው ትራንዚስተሮች መካከል ፈተናውን ያላለፉትን እየለየ ለአማተሮች የሸጠው ነበር። እንግዲህ በጠረጴዛው ላይ ሬዲዮ የሚሠራው የአሜሪካ ወጣት ትራንዚስተርን የተማረው ከውዳቂው ነው። ውዳቂው ደግሞ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልምና ወጣቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መለካትና መምረጥ ግድ ሆነበት።

ኪት የተባለውም የንግድ መንገድ በዚሁ ዘመን ተስፋፋ። በሚሺጋን ክፍለ ሀገር፣ በቤንተን ሃርበር ይገኝ የነበረው የሂዝ ኩባንያ ቀድሞ ሰው በቤቱ የሚገጣጥመው አውሮፕላን ይሸጥ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጦር ሠራዊት የተረፈ የኤሌክትሪክ ዕቃ በርካሽ ገዝቶ በ1947 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ማዕበል የሚያሳይ ኦሲሎስኮፕ በኪት መልክ በ39 ዶላር ከ50 ሳንቲም አወጣ። ከዚያ ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻም የጊታር ድምፅ ማሻከሪያው ሳይቀር ተከተለ። የዚህ ኩባንያ መመሪያ ዝናው የታወቀ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ለየብቻው ተጽፎ፣ ሠሪው የጨረሰውን ምልክት እንዲያደርግበት ባዶ ቦታ ይተውለታል፤ «ይህን ሽቦ ከዚህ ቀዳዳ አያይዝ» ይላል፤ ለምን እንደሆነ ግን በዚያ መስመር ላይ አይናገርም። ብዙዎች በዚህ መንገድ የሠሩት ዕቃ ተሳክቶላቸዋል። የተሳካለት ሁሉ ተምሯል ለማለት ግን ይከብደኛል፤ እኔም ሁለት ማታ ሙሉ ምልክት እያደረግሁ የተማርሁት ምልክት ማድረግን ነበር። ኩባንያው የኪት ሥራውን በ1992 ዓ.ም. አቆመ።

ወደ ፈዙ እንመለስ። በ1965 ዓ.ም. በለንደን ጋሪ ኸርስት የአሜሪካውን ሣጥን መነሻ አድርጎ «ቶን ቤንደር» የተባለውን ሠራ። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ ነጋዴው አይቨር አርቢተር «ፈዝ ፌስ» የተባለውን አወጣ፤ ክብ ቅርፁ የተወሰደው ከማይክሮፎን መቆሚያ ግርጌ ነው። ጂሚ ሄንድሪክስ ሲጠቀምበት በዓለም ታወቀ። ጀማሪዎች ዛሬ ከሚገጣጥሟቸው የፈዝ ኪቶች ብዙዎቹ የዚህ ሣጥን ቅጂዎች ናቸው፤ የእኔም እንደዚሁ ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት ውስጡን ማየት ነው። በፈዝ ፌስ ውስጥ ያሉት 2 ትራንዚስተሮች፣ 4 ሬዚስተሮች፣ 3 ካፓሲተሮችና 2 ማዞሪያዎች ብቻ ናቸው፤ ከዚህ በቀር የእግር መርገጫውና ባለ 9 ቮልት ባትሪው አለ። አንድ ተማሪ ሥዕሉን በአንድ ቀን በቃሉ ሊይዘው ይችላል። ከዚህ የበለጠ ግልጥ ዕቃ የለም ለማለት ያስደፍራል፤ ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን የተሠሩ ሁለት ፈዝ ፌሶች እኩል ድምፅ አይሰጡም ነበር። አንዱ ጣፋጭ ሲሆን ሁለተኛው ይንተፋተፋል ወይም ይደነዝዛል። ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ሥዕል፣ በአንድ ወር ወጥተው እንዲህ የሚለያዩት ለምንድር ነው?

ልዩነቱ ያለው በጀርማንየሙ ትራንዚስተር ነው። ጀርማንየም ሁለት ክፉ ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ሁለቱ ትራንዚስተሮች አንድ ስም ተጽፎባቸው የማጕላት ኀይላቸው እጅግ ይራራቃል። ሁለተኛ፣ ዝጋ ሲባል ፈጽሞ አይዘጋም፤ በደንብ እንዳልተዘጋ ቧንቧ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያፈሳል፤ ሙቀት ሲጨምር ፍሳሹ ይበዛል። በፈዝ ፌስ ውስጥ የመጀመሪያው ትራንዚስተር ሁለተኛውን በቀጥታ ያዘዋልና የመጀመሪያው ብዙ ካፈሰሰ ሁለተኛው ከሚገባው ስፍራ ይገፋል። ሁለተኛው በደኅና ሁኔታ ከባትሪው ቮልት ግማሽ ላይ፣ ማለት 4.5 ቮልት ገደማ ላይ ቢቆም ማዕበሉን ከላይም ከታችም ይቈርጠዋል፤ ወደ አንዱ ጫፍ ከተገፋ ግን ደካማው ድምፅ ጨርሶ ይዋጣል፣ ብርቱው ብቻ እየተቈራረጠ ያልፋል። የእኔን ሣጥን ቀን የሚያሳምመውና ማታ የሚያድነው ይኸው ኖሯል።

ስለዚህ የፈዝ ፌስ ጥበብ ትራንዚስተሩን መምረጥ ነው። ሥዕሉ ይህን አይናገርም፤ በሥዕሉ ላይ ሁለቱ ትራንዚስተሮች አንድ ዓይነት ምልክት ብቻ ናቸው። ለሄንድሪክስ ሣጥኖቹን ያስተካክልለት የነበረው እንግሊዛዊው ሮጀር ሜየር ክፍሎችን እየለካና እያዳመጠ ይመርጥ ነበር፤ በፋብሪካ ግን በሺህ የሚቈጠር ሣጥን አንድ ባንድ እያዳመጡ መሥራት አይቻልም። መፍትሔ የሆነው ሲሊኮን ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፋብሪካው የሲሊኮን ትራንዚስተር ያገባ ጀመር፤ ሲሊኮን ፍሳሹ ኢምንት ነው፤ ሙቀትም እንደ ጀርማንየም አያናውጠውም። ድምፁ ግን ሰላ ያለና የሚቈረቍር ነው ብለው ብዙ ተጫዋቾች አልወደዱትም። ይህን ለነጋዴው ጥፋት አድርጌ አላቀርበውም፤ ማንም በእርሱ ስፍራ ቢሆን ያንኑ ባደረገ ነበር። የሆነ ሆኖ መምረጥ የማያስፈልግበት ሥራ ሲመጣ የመምረጡ ዕውቀት በፋብሪካው ዘንድ ሥራ ፈታ።

ዕውቀቱ የተረፈው በአማተሮች ዘንድ ነው። በ1975 ዓ.ም. ክሬግ አንደርተን «ኤሌክትሮኒክ ፕሮጀክትስ ፎር ሚዩዚሺያንስ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ የተጻፈው ለሙዚቀኛ እንጂ ለመሐንዲስ አይደለም፤ ከመሣሪያዎቹ ስምና ከአበያየድ ይጀምራል፣ ክፍሎቹ ምን እንደሚሠሩ ይገልጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሣጥኖቹ የሚገባው። በኦክላሆማ በጆን ሳይመንተን የተቋቋመው ፓያ የተባለው ኩባንያም መጽሐፉ የሚያስተምራቸውን ሣጥኖች በኪት ይሸጥ ነበር። እዚህ ላይ ኪቱና መጽሐፉ ተጋገዙ። የሂዝን መመሪያ የያዘ ሰው «ቀጥሎ ምን ላድርግ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አንደርተንን ያነበበ ግን «ይህን ብለውጠው ምን ይሆናል?» ማለት ይጀምራል። የሁለተኛው ጥያቄ ባለቤት ሣጥኑ እምቢ ቢለው የሚይዘው አለው።

የመምረጡን ነገር በተለይ በጽሑፍ ያኖረው ግን በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ አር. ጂ. ኪን የተባለው አሜሪካዊ ነው። ስለ ፈዝ ፌስ አሠራር በጻፈው ጽሑፍ ማንም በቤቱ ሊያደርገው የሚችል ልኬት አሳይቷል። ነገሩ እንዲህ ነው። ተራው የመለኪያ መሣሪያ ትራንዚስተሩ የሚያጐላውንና የሚያፈሰውን ደምሮ ስለሚያሳይ ሰውን ያታልላል። ስለዚህ ትራንዚስተሩን ከ9 ቮልት ባትሪና ከአንድ 2400 ኦም ገደማ ከሆነ ሬዚስተር ጋር አያይዞ፣ ምንም ሳይነዱት በሬዚስተሩ ላይ የሚታየውን ቮልት መመዝገብ ነው፤ ይህ ፍሳሹ ነው። ቀጥሎ በ2.2 ሚሊዮን ኦም በኩል ጥቂት ኤሌክትሪክ ሰጥቶ እንደ ገና መለካት ነው። ከሁለተኛው የመጀመሪያው ሲቀነስ እውነተኛው ኀይል ይገኛል፤ 1 ቮልት 100 ጊዜ ያህል ማጕላትን ያመለክታል። በዚህም መሠረት ለመጀመሪያው ስፍራ 80 ገደማ፣ ለሁለተኛው ደግሞ ከዚያ ከፍ ያለ፣ እስከ 120 ገደማ የሚያጐሉ፣ ፍሳሻቸውም ያነሰ ትራንዚስተሮች ይመረጣሉ። ሮጀር ሜየርን የመሰሉ ሰዎች በእጃቸውና በጆሮአቸው የያዙት ነገር ከሁለት ሬዚስተርና ከአንድ የቅናሽ ሒሳብ ወጣ።

ይህን ልኬት በራሴ ሣጥን ላይ ሞከርሁት። በኪቱ ውስጥ የመጡት ትራንዚስተሮች ያልተለኩ ነበሩ። በመጀመሪያው ስፍራ ያስገባሁትን ፈትቼ ብለካው ሳይነዳ 0.6 ቮልት አሳየ፤ ሲነዳ 1.3 ሆነ። ተራው መለኪያ 130 ያጐላል ይለኝ የነበረው ትራንዚስተር እውነተኛ ኀይሉ 70፣ የቀረው ሁሉ ፍሳሽ ኖሯል። ሁለተኛው ትራንዚስተር በሞቃት ክፍል በ4.5 ፈንታ 8 ቮልት ገደማ ላይ መቆሙም በዚህ ምክንያት ነበር። ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ከአሮጌ ሬዲዮዎች የተነቀሉ ስድስት የጀርማንየም ትራንዚስተሮች አግኝቼ ብለካቸው አራቱ ለምንም የማይሆኑ ነበሩ፤ ከቀሩት ሁለት አንዱ 0.1 ቮልት ብቻ አፈሰሰ፣ ኀይሉም 80 ሆነ። እርሱን ባስገባው ሣጥኑ ቀንም ማታም አንድ ሆነ። ጠጋኙ ሰው የሚበረክት ዕቃ ሊያሳየኝ ፈልጎ «ለምን ሲሊኮን አታደርግበትም?» አለኝ፤ የፋብሪካዎቹን ታሪክ ሳያውቅ ውሳኔያቸውን ደገመው።

አንድ ሌላ ጥፋት ደግሞ ለሚከተሉኝ ልጠቁም። የጥንቱ የጀርማንየም ፈዝ የባትሪውን ፖዘቲቭ ጫፍ ከሣጥኑ አካል ጋር ያያይዛል፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት አብዛኞቹ ፔዳሎች የሚያያይዙት ኔጋቲቩን ነው። ሁለቱን ዓይነት ከአንድ የኤሌክትሪክ ምንጭ በአንድ ገመድ ቢያበሯቸው ምንጩ በጊታሩ ሽቦ በኩል ከራሱ ጋር ይጋጫል። ይህን የተማርሁት በሽታው ነው።

ከ2000 ወዲህ የኪት ንግድ እንደ ገና ተነሥቷል፤ የፈዝ ፌስ ቅጂዎችም በልዩ ልዩ ሻጮች ዘንድ ይገኛሉ። ጥሩዎቹ ሻጮች ዛሬ ትራንዚስተሮቹን አስቀድመው ለክተውና አጣምረው፣ የእያንዳንዱን ኀይልና ፍሳሽ በትንሹ ከረጢት ላይ ጽፈው ይልካሉ። ጀማሪው ሣጥኑን በመጀመሪያው ማታ ያሰማል። ይህ ለገዢው ደግ ነገር ነው፤ ገንዘቡን ከፍሎ የሚንተፋተፍ ሣጥን ይገባዋል የሚል የለም። ነገር ግን በከረጢቱ ላይ የተጻፉት ቍጥሮች ምን ማለት እንደሆኑ መመሪያው ካልነገረው፣ ቍጥሮቹን የሚያነብ ሳይሆን ከረጢቱን ቀድዶ የሚጥል ሰው ይሆናል። በቅርቡ አንድ ጓደኛዬ እንዲህ ያለ ኪት ደርሶት ስንከፍተው በአንደኛው ከረጢት ላይ 78፣ በሁለተኛው ላይ 118 የሚል በእርሳስ ተጽፎ አየን። «የዋጋው ይሆን?» አለኝ። ከመበየዳችን በፊት የእኔን ባትሪና ሁለቱን ሬዚስተሮች አምጥተን ራሳችን ለካናቸው፤ የመጀመሪያው 76 ወጣ፣ ክፍሉ ትንሽ ቀዝቅዞ ነበር።